ጨፋ ሮቢትን «ሮቢት» ብቻ የምትሉ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወጣ መንገደኛ ጣርማ በርን ወርዶ ቆላ ከገባ በኋላ የሳምንቱን ቀናት በመንገዱ ዳር ተሰድረው ያገኛቸዋል። ሸዋ ሮቢት፣ ሰንበቴ፣ ጨፋ ሮቢት፣ ከዚያ ከሚሴ። ገበያ የሚቆምበት ቀን የቦታ ስም መሆኑን ለአገሬው ማስረዳት አያሻም፤ ጎንደርም ማክሰኚትና ሐሙሲት አሉት። ከሚሴስ ለምትሉ፣ ኦሮምኛ ሐሙስን «ከሚሳ» ይለዋል። እኔ ሌላ ምንጭ አልፈልግለትም።

የኔ ፍቅር ከሮቢት ጋር ነው። መነሻው የግዕዙ «ረቡዕ» ነው። በአፍ ሲጠራ ሲጠራ መጨረሻ ላይ ያለችው «ዕ» ወደቀች። «ቡ»ን ስንል የምናሞጠሙጠው ከንፈር ደግሞ ቀድሞ መሞጥሞጥ ጀመረና «ረ»ን «ሮ» አደረጋት፤ ሮብ ተባለ። በዚህ ላይ የሴቷ ቅጥያ «ኢት» ገባችና ገበያዪቱ ሮቢት ሆነች። አንዳንድ ፊደል አዋቂ ነኝ ባይ «ረቡዒት» ብሎ ሊያቃና ሲሞክር አይቻለሁ። ተው! የምታቃናው የስሙን ታሪክ ነው። በረቡዕ ገበያ የተሰየመው የኛ ቦታ ብቻ አይደለም፤ ሞሮኮ ውስጥ ጋርብ በሚባል፣ ድሮ ረግረግ በነበረ ሜዳ ላይ «ሱቅ አል-አርባ» የሚባል ከተማ አለ። የረቡዕ ገበያ ማለት ነው፤ የቀኑም ስም ከኛው ጋር ሥሩ አንድ ነው።

ጨፋም ረግረግ ነው፤ በኦሮምኛ ውሃ የማይለየው ሣራም መስክ። ቦርከና ያጠጣዋል፣ በበጋ የአፋር ከብት ሳይቀር ይሰማራበታል። አማርኛ ለበዓል የሚጎዘጎዘውን ለምለም ሣር «ጨፌ» ይላል፣ የኦሮሚያ ምክር ቤትም ጨፌ ነው፣ ምሥራቅ ሸዋ ውስጥም ጨፌ ዶንሳ አለ። ዘመድ ናቸው፤ ያም ሆኖ የወሎው ጨፋ ነውና በ«ፋ» ጻፉት። ግማሹ ኦሮምኛ፣ ግማሹ አማርኛ የሆነውን ስም ለሁለት ቆርጦ «ሮቢት» ብቻ ማለት ደግሞ ጣጣ አለው። ቆቦ አጠገብም ሌላ ሮቢት አለ። «ለሮቢት» ተብሎ ብቻ የተጻፈበት የኔ ካርቶን ሸዋ ሮቢት ወርዶ ሰንብቷል፤ ላኪው እስከ ዛሬ ጥፋቱ የሾፌሩ ይመስለዋል።

ጨፋ ሮቢት ባለበት ዞን የባሰ የተቸገረ ስም የወረዳው የጅሌ ጥሙጋ ነው። በ«ጥ» የሚጻፈው የኦሮምኛ ድምፅ በእውነቱ «ጥ»ም «ድ»ም አይደለም፤ ምላስ ወደ ኋላ ታጥፎ ትንፋሽ ወደ ውስጥ እየተሳበ የሚወጣ ነው። በግዕዝ ፊደል ኦሮምኛ ሲጻፍ ለዚህ ድምፅ «ዸ» የምትባል ፊደል ነበረችው፤ ኦነሲሞስ ነሲብ ወደ ኦሮምኛ የተረጎመው መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 የታተመው በዚሁ በግዕዝ ፊደል ነው። የዛሬው የኦሮምኛ አጻጻፍ ቁቤ ድምፁን በሁለት የላቲን ፊደል አጣምሮ ይጽፈዋል። አማርኛ ጸሐፊ ግን «ዸ» ኮምፒውተሩ ውስጥ እያለችለት አሁንም «ጥሙጋ» ይላል።