የጽሕፈት ፕሮግራም በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ ስለ መጫን

የዘር መዝገብና የግብር ደብዳቤ የሚጻፍባቸው ኮምፒዩተሮች በየክፍሉ ተበታትነው ሲገኙ፥ እያንዳንዱ ጸሐፊ የጽሕፈቱን ፕሮግራም በየፈቃዱ እንዲጭን መተው ሥራን ያውካል፤ አንዱ አዲሱን፥ ሌላው አሮጌውን ይጭናልና። ስለዚህ ነገሩ በአንድ ኃላፊ እጅ መመራት ይገባዋል።

የማይክሮሶፍት ኦፊስ ሥርዓት እንዲህ ነው። አስቀድሞ ኦፊስ ዲፕሎይመንት ቱል የሚባለው መሣሪያ ይወርዳል። ከእርሱም ጋራ የሚሰናዳው የትእዛዝ ፋይል የትኛው ፕሮግራም፥ በምን ቋንቋ፥ ባለ 32 ወይስ ባለ 64 ቢት እንደሚጫን ይወስናል። ፕሮግራሙ አንድ ጊዜ ብቻ ወርዶ በጋራ ማኅደር ይቀመጣል፤ ኮምፒዩተሮቹም ሁሉ ከዚያ ይወስዳሉ። በዚህም ደካማው የኢንተርኔት መስመር አይጨናነቅም።

ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው ግን የፈቃዱ ነገር ነው። ማይክሮሶፍት 365 የተባለው ቢያንስ በ30 ቀን አንድ ጊዜ በኢንተርኔት ፈቃዱን ማረጋገጥ አለበት፤ ይህ ካልሆነ ሰነዱን ማንበብና ማተም እንጂ መጻፍና ማረም አይቻልም። መስመር በሚቋረጥበት ወረዳ ይህ በመከር ሰሞን ቢደርስ የገበሬው ጉዳይ ይጓተታል። ለእንዲህ ያለው ስፍራ በመስከረም 2017 ዓ.ም. የወጣው ኦፊስ ኤልቲኤስሲ 2024፥ ወይም ያለ ዋጋ የሚገኘው ሊብሬኦፊስ ይስማማል።

ለኦፊስ 2016 እና ለኦፊስ 2019 ይሰጥ የነበረው የጥበቃ እድሳት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። አስተዋይ ገበሬ አዲሱን ዘር በጥቂት መደብ ሳይፈትን ማሳውን ሁሉ አይዘራበትም፤ እንደዚሁም አዲሱ ፕሮግራም በጥቂት ኮምፒዩተሮች ተሞክሮ፥ ጕድለቱም ታርሞ ወደ ሌሎቹ ይዳረስ። አሮጌውን የያዘ መሥሪያ ቤት ሹም ይህን ሳያዘገይ ማስፈጸም ይገባዋል።