የወላጅ ቃል እንደ ሕክምና ማስረጃ



የዛሬው ንግግሬ የታመመ ልጁን ይዞ ወደ ሐኪም የሚቀርብ ወላጅ የሚናገረው ቃል በሕክምና ሚዛን ምን ያህል ክብደት ሊሰጠው ይገባል የሚለውን ጥያቄ ይመለከታል። «ልጄ እንደ ወትሮው አይደለም» የምትል እናት «ምንም የለበትም፣ ይተወዋል» ተብላ ስትመለስ፣ ነገሩ የትሕትና ጉድለት ብቻ ተደርጎ ይቆጠራል። እኔ ግን የምርመራ ጉድለትም እንደሆነ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ሐኪሙ የሚያውቀው በሽታን ነው፤ ብዙ ሕሙማን ሕፃናትን አይቷል። እናቲቱ የምታውቀው ይህን አንድ ልጅ ነው፤ ጤነኛ ሳለ እንዴት እንደሚጠባ፣ እንደሚተኛ፣ እንደሚያለቅስ ታውቃለች። ሕመም ደግሞ አስቀድሞ የሚገለጠው ልጁ ከራሱ ልማድ ሲለይ ነው። ይህን ልዩነት ለመለካት የሚያስችለው መነሻ በእናቲቱ እጅ እንጂ በሐኪሙ መዝገብ ውስጥ አይገኝም።

ይህ ሐሳብ ለሕክምና እንግዳ አይደለም። በጤና ጣቢያዎቻችን የሚሠራበት የተቀናጀ የሕፃናት ሕክምና መመሪያ ከሁለት ወር እስከ አምስት ዓመት ባለ ሕፃን ላይ በቅድሚያ እንዲታዩ ያዘዛቸው አራት አጠቃላይ የአደጋ ምልክቶች አሉ፤ መጠጣት ወይም ጡት መጥባት አለመቻል፣ የወሰደውን ሁሉ ማስመለስ፣ በሕመሙ ወቅት መንቀጥቀጥ፣ እንዲሁም መፍዘዝ ወይም ራስን መሳት። ከአራቱ ሦስቱ አስቀድመው የሚታወቁት ወላጅን በመጠየቅ ነው። እናቲቱን ያላዳመጠ ባለሙያ ስለዚህ የመመሪያውን የመጀመሪያ ገጽ ዘልሏል ማለት ነው።

ታዲያ ቃሏ የማይሰማው ለምንድን ነው? ሦስት ምክንያቶችን ልጥቀስ።

የመጀመሪያው ጊዜ ነው። ረጅም ሰልፍ ያለበት ባለሙያ የሚያየው የዚያችን ደቂቃ ልጅ ነው። ሌሊት ያንቀጠቀጠው ልጅ ጧት ሲደርስ ተረጋግቶ ሊገኝ ይችላል። የሚጥል በሽታን ያየን እንደሆነ፣ ሕመሙ በሐኪም ፊት የሚነሣው አልፎ አልፎ ነው፤ ምርመራው በአመዛኙ የሚያርፈው ባየ ሰው ምስክርነት ላይ ነው።

ሁለተኛው ቋንቋ ነው። እናት «ልቡን ያመዋል» ስትል በአማርኛችን ብዙ ጊዜ ሆድን ወይም ጨጓራን ማለቷ ነው። «እንጥሉ ወርዷል» ስትል ደግሞ ባለሙያው ስለ ጎጂ ልማድ አስቦ ሊቆጣ ይችላል፤ እሷ ግን ልጁ መዋጥ እንደ ተሳነው እየነገረችው ነው። ጉሮሮውን ከፍቶ ማየት ይገባዋል። በስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያ የሚመጣ የጉሮሮ ሕመም በወቅቱ ሳይታከም ሲቀር በአንዳንድ ልጆች ላይ የሩማቲክ ትኩሳትን ያስከትላል፤ እርሱም የልብን ቫልቮች ይጎዳል። የተናቀው ቃል የዕድሜ ልክ በሽታን የሚያስቀድም ምልክት ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው የማዕረግ ልዩነት ነው። ነጭ ጋዋን ለለበሰ ሰው «አልተስማማሁም» ማለት ለአንዲት የገጠር እናት ቀላል አይደለም። ይሉኝታ ይይዛታል፤ ዳግመኛ ስትመጣ የሚጠብቃት ፊት ያሳስባታል። ስለዚህ ዝም ብላ ትመለሳለች፤ ዝምታዋም እንደ ስምምነት ይቆጠራል።

በመካነ ሰላምና በአካባቢዋ እነዚህ ምክንያቶች በመልክዐ ምድሩ ይበረታሉ። ቦረና፣ ለጋምቦ፣ ወግዲና ከላላ ከብርዳማ ደጋ እስከ ዓባይና በሽሎ ሸለቆዎች የሚወርድ ምድር ናቸው። ደጋ ላይ ያተኮሰው ልጅ ከሳምንታት በፊት ከቤተሰቡ ጋር ቆላ ወርዶ እንደ ነበር ካልተጠየቀ ወባን የሚያስታውስ አይኖርም። ወደ ደሴ ለመሄድም ረጅም የተራራ መንገድ ማቋረጥ ያስፈልጋል። በከተማ «ነገ ተመለሺ» ማለት የአንድ ቀን ጉዳይ ሲሆን፣ በእግር ለመጣች እናት ግን ላትመለስ ትችላለች።

የወላጅ ቃል የገጠመውን ዕጣ ለማየት የኦቲዝም ታሪክ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሊዮ ካነር የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1943 ስለ 11 ልጆች የጻፈው ጥናት ለዚህ ዕውቀት መሠረት ከሆኑት አንዱ ነው። ስለ መጀመሪያው ልጅ ካገኘው መረጃ ብዙው የመጣው አባት ከላኩለት የ33 ገጽ ደብዳቤ ነበር። ሕክምናው ሁኔታውን ለይቶ እንዲያውቅ የአንድ አባት ጥንቁቅ ምልከታ ረድቶታል ማለት ነው። ሆኖም በቀጣዮቹ ዓመታት ያው ሕክምና ጣቱን ወደ ወላጆች አዞረ። ልጁ እንዲህ የሆነው እናቱ ፍቅር ስለ ነፈገችው ነው የሚለው አስተሳሰብ ተስፋፋ፤ ብሩኖ ቤተልሃይምም በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ አጠናከረው። ይህን አስተሳሰብ በ1964 በመጽሐፍ የሞገተው በርናርድ ሪምላንድ የሥነ ልቦና ባለሙያና የኦቲስቲክ ልጅ አባት ነበር። ኦቲዝም ሥነ ሕይወታዊ መነሻ እንዳለው ያቀረበው ክርክር በኋላ በምርምር ተደግፏል።

በአገራችን የዚህን ትግል መልክ ያሳዩን ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ናቸው። ልጃቸው ጆጆ በትምህርት ቤቶች ተቀባይነት አጥቶ ሲመላለስ፣ ስለ ኦቲዝም የሚያውቅ ባለሙያ ማግኘት ብርቅ ነበር፤ በኅብረተሰቡም ዘንድ ሁኔታው የቡዳ፣ የእርግማን ወይም የእናት ኃጢአት ውጤት ተደርጎ ይታይ ነበር። ወይዘሮ ዘሚ ልጃቸውን ቤት ውስጥ ከመደበቅ ይልቅ ስለ እርሱ በአደባባይ ተናገሩ። እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ። በ2021 እስካረፉበት ጊዜ ድረስ የልጃቸውን ጉዳይ የብዙ ልጆች ጉዳይ አድርገው ቆዩ።

ሌሎች አገሮች የወላጅን ቃል በሥርዓት አስደግፈዋል። በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ራያን ሳውንደርስ የተባለ ሕፃን በ2007 ሞተ፤ ወላጆቹ ሁኔታው እየከፋ መሆኑን ቢናገሩም ሥጋታቸው የሚገባውን ምላሽ አላገኘም ነበር። በስሙ የተሰየመው ደንብ በ2013 ሲጀመር ሦስት ደረጃዎችን አስቀመጠ፤ ለሚያክመው ባለሙያ መንገር፣ ካልረካ ለተረኛ ኃላፊ ማመልከት፣ ካልሆነም በስልክ ሌላ ባለሙያ እንዲያየው መጠየቅ። በእንግሊዝም የ13 ዓመቷ ማርታ ሚልስ በ2021 በሴፕሲስ ከሞተች በኋላ ወላጆቿ ባደረጉት ትግል ተመሳሳይ ደንብ ከ2024 ጀምሮ በሆስፒታሎች እየተዘረጋ ነው።

አንድ ተቃውሞ ይነሣል፤ ወላጅም ይሳሳታል። እውነት ነው። የተቅማጥ መንሥኤ ግግ ነው ብሎ የልጁን ድድ የሚያስበጣ ወላጅ አለ። ነገር ግን የእናቲቱ ምልከታና የምትሰጠው ትርጓሜ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። «ምች መታው» የሚለው ትርጓሜ ነው፤ «ከትናንት ወዲህ ጡት እምቢ አለ» የሚለው ግን ምልከታ ነው። ትርጓሜውን ላንቀበል እንችላለን፤ ምልከታውን መጣል ግን አንችልም። በትርጓሜዋ የተዘለፈች እናት ምልከታዋንም ትደብቃለች፤ ስለ ወሰደችው ባህላዊ ሕክምናም አትናገርም።

ከዚህ ተነሥቶ በአካባቢያችን ያለ ተጨማሪ በጀት ሊደረጉ የሚችሉ ነገሮች አሉ። ባለሙያው የወላጅን ቃል በራሷ አነጋገር በካርዱ ላይ ይጻፍ፤ «በጣም ያሳሰበሽ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቅ። የትንፋሽ ፍጥነትን ልጁ በተረጋጋበት ጊዜ አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቁጠር። ከአንድ ዓመት እስከ አምስት ዓመት ባለ ልጅ በደቂቃ 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። ወደ ቤት ሲመልሳትም «ይተወዋል» ከማለት ይልቅ የትኛውን ምልክት ስታይ በዚያው ሌሊት እንኳ መመለስ እንዳለባት ይንገራት፤ እሷም የተነገራትን መልሳ እንድታስረዳው ያድርግ። ወላጅም በበኩሉ ሕመሙ መቼ እንደ ጀመረ፣ ምን እንደ ተለወጠ፣ ምን እንደ ተሰጠው በቅደም ተከተል ይያዝ፤ ካልረካም «እባክዎ፣ ሌላ ባለሙያ ይይልኝ» ማለት ነውር እንዳልሆነ ይወቅ።

በመካከላችሁ ነገ በጤና ጣቢያ የምትመደቡ ተማሪዎች አላችሁ። ስቴቶስኮፕ ከማንሣታችሁ በፊት ልጁን አቅፋ ሌሊቱን ያደረችው ሴት ያየችውን ጠይቁ፤ መልሷንም ከቴርሞሜትሩ ንባብ ጎን ጻፉት።