በተማሮች ልመና ከ329 ዓመት በኋላ የተፋቀ ፍርድ

በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ብለው አባቶቻችን የተናገሩት ምሳሌ እውነት መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን የተጻፈው ሐሰት የሆነ እንደ ሆነ ሐሰቱም አብሮ ይወረሳል፤ ከጽሑፍ የተዘለለ ስም ደግሞ ባለቤቱ በሕይወት ሳለ እንኳ እንዳልተፈጠረ ይቈጠራል። እኛ ከፍርድ ቤት መዝገብ ጋራ የምንውል ጸሐፊዎች ይህን ነገር በየጊዜው እናየዋለን። አንድ ስም ስለ ተዘለለ ውርሱን ያጣ፥ የአባቱም ስም ተሳስቶ ስለ ተጻፈ ከዓመት እስከ ዓመት ደጅ የሚጠና ሰው ጥቂት አይደለም። ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ የምናቀርበው ታሪክ ከመዝገብ ስለ ተዘለለች ስለ አንዲት ድኻ ልጃገረድና ስሟን ፈልገው ስላገኙላት የአሥራ ሦስትና የአሥራ አራት ዓመት ልጆች ነው።

ታሪኩ የተፈጸመው በአሜሪካ በማሳቹሴትስ አገር ነው፤ ዘመኑንም ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር እንጽፋለን። ስለ አሜሪካ የመጀመሪያ ዘመን በተነገረ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው በ1776 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ንጉሥ አገዛዝ መለየቷና የጆርጅ ዋሽንግተን ዝና ነው። ነገር ግን እንግሊዞች ከዚያ በፊት ከ150 ዓመት በላይ በዚያ ምድር ሰፍረው ሲያርሱ፥ ሲነግዱ፥ ሲካሰሱና ሲፈርዱ ኖረዋል። ታላላቁ ሰው በታሪክ መጽሐፍ ሲመሰገን የታናናሹ ሰው ኑሮ ግን በአሮጌ የፍርድ ቤት ወረቀት ውስጥ ተቀብሮ ቀርቷል።

በ1692 ዓ.ም. መጀመሪያ ሳሌም በምትባል መንደር በሰባኪው ቤት የሚኖሩ ሁለት ልጃገረዶች ያልታወቀ ሕመም ያዛቸው። ይጮኹ፥ ይንፈራገጡ፥ የማይታይ ሰው ቈነጠጠን፥ ነከሰን እያሉ ያለቅሱ ነበር። ይህ የጥንቈላ ሥራ ነው ስለ ተባለ ልጆቹ ያሠቃያቸውን ሰው ስም እንዲጠሩ ተጠየቁ፤ እነርሱም ጠሩ። የተጠራውም ሰው ተይዞ ሲመረመር ሌላውን ጠራ፤ ክሱም እንደ ሰደድ እሳት ከመንደር ወደ መንደር ተዛመተ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ150 የሚበልጡ ሰዎች ተከሰሱ። ከእነዚህም 19 ተሰቅለው ሞቱ፤ ጋይልስ ኮሪ የሚባል ሰማንያ ዓመት ያህል የሆነው ሽማግሌ ለክሱ መልስ አልሰጥም ስላለ በላዩ ድንጋይ እየተጫነበት ሞተ፤ ሌሎችም ከአምስት የማያንሱ በወኅኒ ቤት እንዳሉ አለፉ።

ይህ ሁሉ የሆነው ሽፍታ ባደረገው ግፍ አይደለም፤ ዳኛ ተሠይሞ፥ ጸሐፊ ተቀምጦ፥ ምስክር ተሰምቶ ነው። አገረ ገዥው ሰር ዊልያም ፊፕስ በ1692 ዓ.ም. በሜይ ወር ለዚሁ ነገር ልዩ ፍርድ ቤት አቆሙ፤ የዳኞቹም አለቃ ዊልያም ስቶውተን ነበሩ። ፍርዱን ያበላሹት ሁለት ነገሮች ናቸው። መጀመሪያው፥ የተከሳሹ መንፈስ በሌሊት መጥቶ አሠቃየኝ ብሎ የሚናገር ሰው እንደ ምስክር መቈጠሩ ነው። ሥጋው በአልጋው ላይ ተኝቶ ሳለ መንፈስህ መጣብኝ የተባለ ሰው በምን ማስረጃ ይረታል? በዚያች ሌሊት ከቤቱ እንዳልወጣ ጎረቤት ቢመሰክርለትም አይጠቅመውም። ሁለተኛው ደግሞ፥ አላደረግሁም ብሎ የካደ ሲሰቀል አድርጌአለሁ ብሎ ያመነ በሕይወት መቈየቱ ነው። እንዲህ ባለ ችሎት እውነት መናገር ለሞት፥ ሐሰት መናገር ለሕይወት ሆነ።

ነገሩ በብርቱ ካስጨነቃቸው ከተሞች አንዲቱ አንዶቨር ነበረች። ከዚያች ከተማ ብቻ ከ40 የሚበልጡ ሰዎች ተከሰዋል። በሴፕቴምበር ወር አንድ ቀን የተጠረጠሩትን ሰዎች ዓይናቸውን በጨርቅ ሸፍነው ሕመምተኞቹን በእጃቸው እንዲነኩ አደረጓቸው፤ ሕመምተኛው በተነካ ጊዜ ጸጥ ካለ የነካው ሰው ጠንቋይ ነው ተብሎ ተያዘ። በዚያች ከተማ ከ40 ዓመት በላይ ያገለገሉ ፍራንሲስ ዴን የሚባሉ ሽማግሌ ቄስ ነበሩ። እርሳቸው የዚህን ክስ እውነተኛነት የሚጠራጠሩ ሰው ስለ ነበሩ ይሁን በሌላ ምክንያት፥ መዓቱ በቤተ ሰባቸው ላይ ወረደ። ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው፥ ሌሎችም የሥጋና የጋብቻ ዘመዶቻቸው ተቈጥረው ከሃያ በላይ የሚሆኑ ተከሰሱ።

ከልጅ ልጆቻቸው አንዲቱ ኤልሳቤጥ ጆንሰን ትባል ነበር፤ ዕድሜዋ 22 ዓመት ሲሆን ባል አላገባችም። አያቷ ስለ እርሷ በጻፉት ቃል አስተሳሰቧ የዘገየ የዋህ እንደ ነበረች አመልክተዋል። ይህች ልጅ በኦገስት ወር ተይዛ በዳኞች ፊት በቀረበች ጊዜ ጠንቋይ ነኝ ብላ አመነች፤ ሰዎችን የጐዳሁባቸው እነዚህ ናቸው ብላም ከጨርቅ የተሠሩ አሻንጉሊቶች አሳየች። በዚያው ወር የእናቷ ዘመድ ማርታ ካሪየር አላደረግሁም በማለቷ ጸንታ ተሰቀለች። አንባቢ ሆይ፥ አእምሮዋ የዘገየ ልጅ እንዲህ ባለ ጊዜ፥ ሁሉ ሲጮኽባት፥ ከማመን በቀር ምን ታደርግ ኖሯል?

በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር ሊቃውንቱና ባላባቶቹ የመንፈስ ምስክርነት ለፍርድ አይበቃም እያሉ ስለ ተቃወሙ አገረ ገዥው ልዩውን ፍርድ ቤት አፈረሱት። በጃንዋሪ 1693 ዓ.ም. አዲስ ፍርድ ቤት ተቋቁሞ ያ ምስክርነት እንዳይቀበሉት ተከለከለ፤ 50 ያህል ሰዎች በቀረቡ ጊዜም ከሦስቱ በቀር ሁሉም ተለቀቁ። ከሦስቱ አንዲቱ ኤልሳቤጥ ነበረች። ስሟ ከእርሷ ጋራ አንድ የሆነው እናቷ፥ ኤልሳቤጥ ጆንሰን፥ በዚያው ጊዜ ተከሳ ቀርባ ነጻ ወጣች፤ ልጂቱ ግን ሞት ተፈረደባት። ስቶውተን ፍርዱ በቶሎ እንዲፈጸም ትእዛዝ ጽፈው ነበር፤ ነገር ግን የንጉሡ ነገረ ፈጅ ለእነዚህ ሦስት ሰዎች ማስረጃው ከተለቀቁት እንደማይለይ ስላመለከተ አገረ ገዥው ፊፕስ ሞቱን አስቀሩት። ስቶውተንም ተቈጥተው ከችሎቱ ተነሥተው ሄዱ።

እንግዲህ ኤልሳቤጥ ከገመዱ ዳነች፤ ከፍርዱ ግን አልዳነችም። በእንግሊዝ ሕግ ሞት የተፈረደበት ሰው በሕይወት ቢኖር እንኳ ፍርዱ እስካልተሻረ ድረስ በሕግ ፊት እንደ ሞተ ሰው ነበረ። ዓመታት ካለፉ በኋላ የአገሩ ሕዝብ ባደረገው ነገር ተጸጸተ። በ1697 ዓ.ም. የጾምና የጸሎት ቀን ታወጀ፤ ከዳኞቹም አንዱ ሳሙኤል ሲዋል በቤተ ክርስቲያን በጉባኤ ፊት ቆመው በደላቸው ሲነበብ ሰሙ። በ1711 ዓ.ም. የማሳቹሴትስ ምክር ቤት በ22 ሰዎች ላይ የተፈረደውን ፍርድ የሚሽር ሕግ አወጣ፤ ለተጐዱት ቤተ ሰቦችም 578 ፓውንድ ከ12 ሽልንግ ካሣ ተቈረጠ። የኤልሳቤጥ አክስት አቢጌል ፎክነር፥ ከእርሷም ጋራ በአንድ ጊዜ የተፈረደባት ሜሪ ፖስት በዚያ ዝርዝር ተጻፉ። የኤልሳቤጥ ስም ግን አልነበረበትም።

ልጂቱ አእምሮዋ የዘገየ ነው ቢባልም የቀረባትን ነገር አውቃዋለች። በ1712 ዓ.ም. ስሜ ተዘልሏልና ይግባልኝ ስትል አመለከተች፤ አቤቱታዋም እስከ ዛሬ ተጠብቆ ይገኛል፤ የለመነችው ግን አልተፈጸመላትም። የታሪክ ሰዎች እንደሚገምቱት የመዘለሏ ምክንያት ከእናቷ ጋራ አንድ ስም መያዟ ነው፤ ኤልሳቤጥ ጆንሰን ነጻ ወጥታለች የሚል ወረቀት ያየ ሰው ሁለቱን እንደ አንድ ሳይቈጥር አልቀረም። እርሷም ባል ሳታገባ፥ ልጅም ሳትወልድ፥ የሞት ፍርዷን እንደ ተሸከመች 54 ዓመት ኖራ በ1747 ዓ.ም. በ77 ዓመቷ ሞተች።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ዘር መተካት በፍርድ ነገር ምን ያህል ኃይል እንዳለው ያስረዳል። የተሰቀሉት ሰዎች ተወላጆች ከትውልድ ወደ ትውልድ እየጮኹ በ1957 ዓ.ም. ምክር ቤቱ አን ፑዲየተርን በስም፥ ሌሎቹን ግን እንዲሁ ሌሎች ሰዎች ብሎ ነጻ የሚያወጣ ውሳኔ እንዲያወጣ አደረጉ። በ2001 ዓ.ም. ደግሞ ያ ውሳኔ ተሻሽሎ የአምስት ሴቶች ስም ተጨመረበት። ለኤልሳቤጥ ግን አያቴ ናት ብሎ የሚጮኽ ሰው አልነበረምና ስሟ በሁለቱም ጊዜ ታለፈ።

አሮጌዋ አንዶቨር የነበረችበት ስፍራ ዛሬ ኖርዝ አንዶቨር ይባላል። ማሳቹሴትስ በ2018 ዓ.ም. ባወጣችው የትምህርት ሕግ የስምንተኛ ክፍል ተማሮች ስለ አገር አስተዳደር በመጽሐፍ መማር ብቻ ሳይሆን አንድ ጉዳይ ራሳቸው መርጠውና መርምረው ከሥራ ላይ እንዲያደርሱ ታዟል። በኖርዝ አንዶቨር መካከለኛ ተማሪ ቤት የምታስተምር አንዲት መምህርት ሪቻርድ ሃይት የተባለ ጸሓፊ ስለ አንዶቨር ክሶች በ2018 ዓ.ም. ካሳተመው መጽሐፍ የኤልሳቤጥን ነገር አግኝታ ለተማሮቿ አቀረበችላቸው። ልጆቹም በየቀኑ በሚረግጡት መሬት ላይ የኖረች ሴት እስከ ዘመናቸው ድረስ በሕግ ጠንቋይ ተብላ መቅረቷን በሰሙ ጊዜ ነገሩን ያዙት።

ሥራቸው እንደ ጨዋታ አልነበረም። የ1692ቱ ልዩ ፍርድ ቤት ዋና መዝገብ ጠፍቷል፤ ነገር ግን የምርመራ ቃሎች፥ የክስ ወረቀቶችና አቤቱታዎች ወደ አንድ ሺሕ የሚጠጉ ተርፈው በሊቃውንት ተሰብስበው ታትመዋል። ተማሮቹ የቀደመውን ሰነድ አነበቡ፤ ፍርዱን፥ የሞቱን መቅረት፥ የ1711ዱን፥ የ1957ቱንና የ2001ዱን ሕግ አስተያይተው ስሟ በአንዱም እንደሌለ አረጋገጡ። ቀጥሎም ሕግ እንዴት እንደሚረቀቅና እንደሚሻሻል ተምረው ለሕግ አውጪዎች ደብዳቤ ጻፉ። አንደኛው ክፍል ጀምሮ ዓመቱ ባለቀበት ጊዜ ተከታዩ ክፍል ሥራውን ተረከበው። የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል የነበሩት ዳያና ዲዞግሊዮ ልመናቸውን ተቀብለው በ2021 ዓ.ም. የሕግ ረቂቅ አቀረቡ። ረቂቁ ብቻውን ሊያልፍ ባልቻለ ጊዜ ከግዛቲቱ የበጀት ሕግ ጋራ አያያዙት። በጁላይ 28 ቀን 2022 ዓ.ም. አገረ ገዥው ቻርሊ ቤከር ፈረሙበት፤ የኤልሳቤጥ ጆንሰን ስምም ከተፈረደባት 329 ዓመት በኋላ ከተዘለለበት ገባ።

ለሞተ ሰው ይህ ምን ይጠቅመዋል የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ኤልሳቤጥ የተሸከመችውን የ54 ዓመት ኀፍረት የሚመልስላት የለም። ነገር ግን ፍርድ የሚጻፈው ለተፈረደበት ሰው ብቻ አይደለም፤ በኋላ ለሚመጣው ትውልድ ትምህርት ሆኖ ይቀመጣል። ሐሰተኛ ፍርድ ሳይሻር ቢቀመጥ የፍርድ ቤቱ ሐሰት እንጂ የተፈረደበት ሰው ኀጢአት አይደለም። ስለዚህ ያ የተሻረ ፍርድ የጠቀመው ይልቁንም ለማሳቹሴትስ ራሷ ነው።

ደግሞም በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። በ1692 ዓ.ም. መከራውን የጀመረው የልጆች ቃል ነበር፤ ታላላቆቹ የልጆቹን ቃል ሳይመረምሩ ስም አስጠርተው አስፈረዱበት። በ2022 ዓ.ም. መከራውን የዘጋው ደግሞ የልጆች ቃል ሆነ፤ እነዚህኞቹ ግን የተናገሩትን ነገር ሁሉ ከሰነድ አሳይተው ተናገሩ። በሁለቱም ጊዜ ልጆቹ ልጆች ናቸው፤ የተለየው ታላላቆቹ የጠየቋቸው ጥያቄ ነው። የፊተኞቹ ታላላቆች ማን ነው ያደረገው ብለው ጠየቁ፤ የኋለኛዪቱ መምህርት ግን በምን ታውቁታላችሁ ብላ አስተማረች።

ስለዚህ እናቶችና አባቶች ልጆቻችሁ ከጎረቤት፥ ከጓደኛ ወይም ከመንገድ የሰሙትን ክፉ ወሬ ይዘው ወደ ቤት በገቡ ጊዜ ማን አደረገው ብላችሁ አትቸኩሉ፤ በምን ታውቃለህ፥ ማን አየው፥ የት ተጽፏል ብላችሁ ጠይቋቸው። የአያታቸውን የቀድሞ ደብዳቤ፥ የጋብቻና የውርስ ወረቀት፥ በመጽሐፍ ዳር የተጻፈውን የልደት ቀን አውጥታችሁ አስነብቧቸው፤ የተዘለለም ስም ቢያገኙ ያስታውቋችሁ። አጥርቶ ማንበብና ሳይቸኩሉ መመስከር በቤት የተማረ ልጅ ነገ ዳኛ ወይም ምስክር ወይም እንደኛ ጸሐፊ በሆነ ጊዜ ሰው ከእጁ በግፍ አይጠፋም።