ኢየሩሳሌምን ለመሳለም፦ ከስንቁ በፊት ሰነዱ

የጌታችንና የመድኃኒታችን የኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል በሚከበርበት በዚህ ሰሞን በብዙ ምእመናን ቤት ከሚነሡት ጉዳዮች አንዱ የኢየሩሳሌም ጉዞ ነው። ለመጪው ትንሣኤ ኢየሩሳሌምን ለመሳለም ስእለት ያለባቸው ወገኖቻችን ዝግጅታቸውን መጀመር ያለባቸው አሁን ነው። ከልደት እስከ ትንሣኤ ያለው ጊዜ ከሦስት እስከ አራት ወር ስለሚደርስ ረጅም ይመስላል፤ ለፓስፖርት፣ ለቪዛና ለትኬት ሲከፋፈል ግን ጥቂት ሆኖ ይገኛል።

ቀደምት አባቶችና እናቶች ቅድስት ሀገርን ለመሳለም በሱዳንና በግብፅ በረሃ በእግር ወይም በቀይ ባሕር በመርከብ ወራት የፈጀ ጉዞ ያደርጉ ነበር። በመንገድ የቀሩትም ብዙዎች ናቸው። ቅዱስ ላሊበላ ዮርዳኖስንና ጎልጎታን በሀገሩ ምድር የሰየመው ሕዝቡን ከዚህ ድካም ለማሳረፍ እንደሆነ ትውፊታችን ይነግረናል። ዛሬ ከአዲስ አበባ ቴልአቪቭ አጠገብ እስከሚገኘው የቤን ጉሪዮን አውሮፕላን ማረፊያ ያለው በረራ አራት ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። የበረሃው ጥምና ሽፍታ ቀርቷል፤ በእርሱ ፈንታ ተሳላሚውን የሚፈትነው ሰነድ ሆኗል።

ስምና ዘመን

የመጀመሪያው ሰነድ ፓስፖርት ነው። በጉዞው ወቅት ቢያንስ የስድስት ወር ዕድሜ የቀረው መሆን ይኖርበታል። ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የስም ጉዳይ ነው። በመንደርና በማኅበር በክርስትና ስማቸው የሚታወቁ፣ በባንክ ደብተራቸው ሌላ ስም ያላቸው እናቶችና አባቶች ጥቂት አይደሉም። ፓስፖርቱ፣ ትኬቱና የባንክ ማስረጃው በአንድ ስም፣ በላቲን ፊደልም በአንድ ዓይነት አጻጻፍ መዘጋጀት አለባቸው። የአንዲት ፊደል ልዩነት እንኳ ለጥያቄ ትዳርጋለች።

የዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። በቪዛው ላይ «ኤፕሪል 30» ተብሎ የተጻፈው ቀን በእኛ ሚያዝያ 22 እንጂ ሚያዝያ 30 አይደለም። ይህን ያልተረዳ ተሳላሚ ሳያውቀው ስምንት ቀን አሳልፎ በሕግ ተጠያቂ ሊሆን ይችላል። ስለሆነም ልጆች ለወላጆቻቸው የመግቢያና የመመለሻ ቀናቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፈው ቢሰጧቸው ታላቅ እርዳታ ነው።

በኤምባሲ ፊት

ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት የያዘ ሰው ወደ እስራኤል ለመግባት አስቀድሞ ቪዛ ማግኘት አለበት። አመልካቹ ከማመልከቻ ቅጹና ከፎቶግራፉ ሌላ የሥራ ወይም የጡረታ ማስረጃ፣ የባንክ መግለጫ፣ የደርሶ መልስ ትኬት ምዝገባ፣ የማረፊያ ቦታና የጤና መድን እንዲያቀርብ ሊጠየቅ ይችላል። የእነዚህ ሁሉ ዓላማ አንድ ነው፤ ይኸውም ሰውየው በሀገሩ ሥራ፣ ቤተሰብና ኑሮ ያለው፣ ተሳልሞም የሚመለስ መሆኑን ማስረዳት ነው። በመሆኑም የጥያቄዎቹ መልስ አጭርና እውነተኛ ይሁን። «ቪዛውን እኔ አስጨርሳለሁ» እያለ ገንዘብ የሚሰበስብ ደላላ ወይም በሐሰት የተዘጋጀ ማስረጃ የአረጋውያንን የዕድሜ ልክ ቁጠባ ይዞ ሊጠፋ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ በረራዎች በተለያየ ጊዜ ተቋርጠዋል፤ በጁን 2025ም የእስራኤል የአየር ክልል ለቀናት ተዘግቶ ነበር። ስለዚህ ቀኑ ሊለወጥ የሚችል ትኬት መግዛትና ከመነሣት በፊት የወቅቱን ሁኔታ ከአየር መንገዱና ከኤምባሲው መጠየቅ ይገባል።

አደራና ሻንጣ

ተሳላሚ ሲነሣ ጎረቤቱ «ለልጄ አድርሱልኝ» ብሎ በርበሬና ሽሮ ማምጣቱ የቆየ ልማዳችን ነው። ይሁን እንጂ በአውሮፕላን ማረፊያ የጸጥታ ሠራተኞች «ሻንጣውን ማን አዘጋጀው? ከሌላ ሰው የተቀበሉት ዕቃ አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። ተጠቅልሎ የተሰጠንና ውስጡን ያላዩትን አደራ አለመቀበል የጎረቤት ፍቅርን ማጉደል አይደለም። መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎችም ከሐኪም ማዘዣው ጋር በእጅ ቦርሳቸው ይያዙት።

ሲገቡ በፓስፖርቱ ላይ ማኅተም አይመታም፤ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በምትኩ ትንሽ የወረቀት ካርድ ይሰጣል። ይህች ካርድ የመግቢያ ማስረጃ ስለሆነች እስከ መመለሻ ቀን በጥንቃቄ ትጠበቅ። ቤተልሔምና ኢያሪኮ ሲኬድ ፍተሻ ኬላዎች ስላሉ ካርዷም ፓስፖርቱም ከተሳላሚው መለየት የለባቸውም።

በቅድስት ከተማ

ኢየሩሳሌም ተራራ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ በሚያዝያም ቢሆን ሌሊቷ ይበርዳል። ጥምቀት የሚታሰብበት የዮርዳኖስ ዳርቻ በአንጻሩ ከባሕር ወለል በታች 400 ሜትር ገደማ ስለሚገኝ ይሞቃል። ስለዚህ ከነጠላው ጋር ሹራብም ይያዝ። የአሮጌዋ ከተማ መንገድ ደረጃና ድንጋይ ስለሚበዛበት የተለመደና የሚመች ጫማ ያስፈልጋል። ከዓርብ ጀምበር መጥለቂያ እስከ ቅዳሜ ምሽት አብዛኛው የሕዝብ መጓጓዣ እንደሚቆምም መዘንጋት የለበትም።

በቀዳም ሥዑር በጎልጎታ የሚወጣውን ብርሃን ለማየት የሚጎርፈው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህም ፖሊስ በሚገባው ሰው ቁጥር ላይ ገደብ አድርጓል። ወደ ውስጥ መግባት ያልቻለ ኢትዮጵያዊ ግን አያዝንም። በዚያው ቤተ ክርስቲያን ሰገነት ላይ ዴር ሱልጣን ገዳማችን አለ። በዚያች ሌሊት አባቶች በከበሮና በዝማሬ ጉልላቱን ይዞራሉ።

ቃል ጠብቆ መመለስ

ቪዛ ቃል ኪዳን ነው፤ የተቀበለው ሰው በተባለው ቀን ሊመለስ ቃሉን ሰጥቷል። በተሳላሚ ስም ሄዶ ለሥራ የሚቀር ሰው ራሱን ለመደበቅና ለእንግልት ከመዳረጉም በላይ፣ ከኋላው የሚያመለክቱትን የስድሳና የሰባ ዓመት እናቶች በጥርጣሬ ዓይን እንዲታዩ ያደርጋል። በአንጻሩ በቀኑ የተመለሰ ተሳላሚ ለሚቀጥለው በሩን ክፍት ትቶለት ይመጣል።

መሄድ ያልቻለም ቤቱን ሸጦ ወይም ተበድሮ ራሱን እንዳያስጨንቅ እንመክራለን። ላሊበላ ዛሬም በሀገራችን አለና።

ለውድ አንባቢያን መልካም የልደት በዓል፣ ለተሳላሚዎችም የሰላም ጉዞ እንመኛለን።