የትናንቱን ነገር በእንግሊዝኛ እንዴት እንናገራለን?

ያየነውን ነገር ስንናገር ሰሚው ማወቅ የሚፈልገው የቱ እንደቀደመና የቱ እንደተከተለ ነው። ይህ ከተዛባ ወሬው ይበላሻል፤ ንጹሕ ሰውም ሊወቀስ ይችላል። በአማርኛ ይህን ሳንቸገር እንናገራለን። በእንግሊዝኛ ግን ያስቸግረናል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ ወስኗል። ሆኖም ብዙ ተማሪ ቃሉን እያወቀ፣ ታሪክ ተናገር ሲባል ይደናቀፋል። ምክንያቱ ምን ይሆን?

እስቲ አንዲት የአዲሱ ገበያ ጎመን ሻጭ እናስብ። «በማለዳ ተነሥታ፣ ሻይ ጠጥታ፣ ገበያ ሄደች» እንላለን። ሦስት ሥራ ሠርታለች። ኃላፊ ጊዜን የሚያሳየው ግን የመጨረሻው ግሥ፣ «ሄደች» የሚለው ብቻ ነው። «ተነሥታ» እና «ጠጥታ» ቦዝ አንቀጾች ስለሆኑ እሱን ተደግፈው ይቆማሉ። በእንግሊዝኛ ግን እንዲህ ስንደረድር እያንዳንዱ ግሥ የራሱን ኃላፊ ጊዜ ይይዛል፦ «ጎት አፕ፣ ድራንክ፣ ዌንት»። ተማሪው በአማርኛው ልማድ «ጌት አፕ፣ ድሪንክ፣ ዌንት» የሚለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ችግር «ነበር» ላይ ነው። «ስትወጣ ዝናብ ይዘንብ ነበር» ስንል ዝናቡ ገና አላባራም፤ በእንግሊዝኛ «ዋዝ ሬይኒንግ» ይባላል። «ድሮ በየቀኑ ገበያ ትሄድ ነበር» ስንል ደግሞ ልማዷን መናገራችን ነው፤ ይህ «ዩዝድ ቱ ጎ» ይባላል። የእኛ አንድ አነጋገር እዚያ ለሁለት ተከፈለ ማለት ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል። ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ ልጅ ወድቆ ተጎዳ እንበል። ሾፌሩ የውጭ አገር ሰው ነው፤ ያየነውን በእንግሊዝኛ ተጠየቅን። «ዌን ዘ ካር ኬም፣ ዘ ቦይ ፌል» ካልን፣ መኪናው ሲደርስ ልጁ ወደቀ ማለታችን ነው። ሰሚው መኪናው የጣለው ይመስለዋል። «ዘ ቦይ ሃድ ፎለን» ካልን ግን፣ ልጁ መኪናው ሳይደርስ ወድቆ ነበር ማለት ነው። «ሃድ» የምትባል አንዲት ትንሽ ቃል ሰውን ታስከስሳለች ወይም ነጻ ታወጣለች!

ታዲያ «ነበር» ባለበት ሁሉ «ሃድ» ማለት አይገባም። «ትናንት ገበያ ሄጄ ነበር» ብሎ ዝም ለሚል ሰው «አይ ዌንት» ይበቃዋል። «ሃድ» የሚያስፈልገው ከሌላ ካለፈ ነገር በፊት የሆነውን ለይተን ለማሳየት ስንፈልግ ነው።

ስለዚህ ታሪክ ከመናገራችን በፊት «የቱ ቀደመ? የቱ ገና አላለቀም ነበር? የቱ ልማድ ነበር?» ብለን ራሳችንን እንጠይቅ። ማታ ልጆቻችን የውሏቸውን ሲያወሩ በዚህ ዓይነት እናለማምዳቸው። አማርኛውን አጥርቶ ያሰበ ሰው እንግሊዝኛው ይቀለዋል።

እስቲ ይህን ሞክሩት፦ «ፌርማታው ጋ ስደርስ አውቶቡሱ ሄዶ ነበር።» «ሄዶ ነበር» በማለት ፈንታ «ሄደ» ብንል ምን ይለወጣል? አውቶቡሱን ሲሄድ ያየው በየትኛው አነጋገር ነው?