ርካሽ የተባለው የአክሲዮን ደላላ ለአሶሳ ቤተ ሰብ

በአሶሳና በአካባቢዋ የሚኖር ሰው ከዕለት ጉርሱ የተረፈችውን ገንዘብ የሚያኖርባቸው ቦታዎች ከጥንት ጀምሮ የታወቁ ናቸው። አንዱ ፍየልና ከብት ይገዛል፤ ሌላው ቆርቆሮ ገዝቶ በግቢው ውስጥ የሚከራይ ክፍል ይሠራል፤ ነጋዴው ዕቁብ ይጥላል፤ ወርቅ የሚያጥበውም ጥቂት ግራም በጨርቅ ቋጥሮ ለክፉ ቀን ያስቀምጣል። በሼኽ ኆጀሌ አል ሐሰን ዘመን የመንግሥት ግብር በወርቅ ይከፈልበት በነበረው አገር፤ ሕዝቡ ከወረቀት ይልቅ ወርቅን ቢያምን የሚያስገርም አይደለም።

አሁን ግን በነዚህ ላይ አንድ አዲስ ቦታ ተጨምሯል። በ2013 ዓ.ም. በወጣው የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248 መሠረት የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተመርቆ ተከፍቷል፤ ወጋገን ባንክም አክሲዮኑን በገበያው በማስመዝገብ የመጀመሪያው ሆኗል። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፤ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር፤ ኢትዮ ቴሌኮም ከሀብቱ ከመቶ አሥሩን እጅ ለዜጎች በቴሌብር አማካይነት ለሽያጭ አቅርቦ ነበር። የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 300 ብር፤ ትንሹ ግዥ 33 አክሲዮን፤ ማለት 9,900 ብር ነበረ። ለሽያጭ ከቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን ውስጥ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ያህል ሲሆን፤ ገዢዎቹም ከ47 ሺህ የሚበልጡ ነበሩ። ስለዚህ ከአዲስ አበባ 670 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚኖር መምህር ወይም ነጋዴ፤ አውቶቡስ ሳይሳፈር በእጅ ስልኩ የኩባንያ ባለድርሻ ለመሆን የሚችልበት ዘመን መጥቷል ማለት ነው።

ለቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሰው ሰነድ መግዛት ፍጹም እንግዳ ነገር አይደለም። በክልሉ በጉባ ወረዳ ለተሠራው ለታላቁ የሕዳሴ ግድብ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ቦንድ ያልገዛ የመንግሥት ሠራተኛ ጥቂት ነው። ነገር ግን ቦንድና አክሲዮን በስም ብቻ ሳይሆን በባሕርይም ይለያያሉ። ቦንድ የገዛ ሰው አበዳሪ ነው፤ ቀኑ ሲደርስ ገንዘቡ እንዲመለስለት ውል አለው። አክሲዮን የገዛ ሰው ግን ሸሪክ ነው፤ ኩባንያው ሲያተርፍ የትርፍ ድርሻ ይቀበላል፤ ሲከስር አብሮ ይከስራል፤ ዋናውን ገንዘብ መልስልኝ ብሎ የሚጠይቀውም ሰው የለውም። ገንዘቡን ለመመለስ ያለው አንድ መንገድ ድርሻውን የሚገዛው ሌላ ሰው ማግኘት ነው። ይህን ልዩነት ሳያስረዳ አክሲዮን ግዛ የሚል ደላላ ቢመጣ፤ ክፍያው የቱንም ያህል ርካሽ ቢሆን ሊርቁት ይገባል።

በገበያው ውስጥ ገዢው ራሱ ገብቶ ሊዋዋል አይችልም፤ ፈቃድ ያለው ደላላ ትእዛዙን ይዞለት ይገባል። ምክር የሚሰጥም ደላላ አለ፤ ምክር ሳይሰጥ ትእዛዝ ብቻ የሚፈጽምም አለ። ይህ ሁለተኛው በኢንተርኔት የሚሠራ ስለ ሆነ ቢሮና ብዙ ጸሐፊ አያስፈልገውም፤ ስለዚህም ክፍያው ያነሰ ይሆናል። የሚያተርፈው ግን ምን እንደሚገዛ ራሱ ለሚያውቅ ሰው ነው፤ ላላወቀ ሰው በርካሽ ስሕተት መሥራት ማለት ነው።

የክፍያው ነገር በደንብ ሊታሰብ ይገባዋል፤ እመቤቶች የገበያ ሒሳብ አዋቂዎች ስለ ሆኑ ይህን ክፍል ለእነርሱ እንተወዋለን። ለምሳሌ ያህል ብቻ፤ አንዱ ደላላ ለእያንዳንዱ ግዥ 100 ብር የተቆረጠ ዋጋ ይጠይቃል እንበል፤ ሌላው ደግሞ ከመቶ አንድ ብር። በ9,900 ብር ግዥ ላይ የመጀመሪያው 100፤ ሁለተኛው 99 ብር ስለሚወስዱ ልዩነት የለም። ከደመወዟ በየወሩ 2,000 ብር እየቆጠበች የምትገዛ መምህርት ግን ለመጀመሪያው 100፤ ለሁለተኛው 20 ብር ትከፍላለች። በዓመት 24,000 ብር ስታኖር የመጀመሪያው ደላላ 1,200 ብር፤ ማለት ከመቶ አምስት ወሰደባት። አራት ጊዜ ብቻ 6,000 ብር እያደረገች ብትገዛ ግን ክፍያዋ ወደ 400 ብር ይወርድላታል። ስትሸጥም እንዲሁ እንደሚከፈል አይረሳ። ወርኀዊ የመዝገብ ክፍያ፤ ገንዘብ የማስተላለፊያ ክፍያ፤ ከትርፍ ድርሻ ላይ የሚቀነሰው ግብርም በዚህ ላይ ይታከላሉ። የዓመቱ ክፍያ ሁሉ ተደምሮ በብር ቁጥር እንዲነገራችሁ ጠይቁ፤ ከመቶ ይህን ያህል የሚለው አነጋገር ዐይን ያታልላል።

«ክፍያ የለብንም» የሚል ቢገጥማችሁስ? በአሜሪካ አገር እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ድረስ የደላሎች ክፍያ በደንብ የተወሰነ ነበር። በዚያ ዓመት በግንቦት ወር ነፃ ሲለቀቅ ቻርልስ ሽዋብን የመሰሉ ርካሽ ደላሎች ተነሡ፤ በ2019 እ.ኤ.አ. ከትልልቆቹ ብዙዎቹ የአክሲዮን ግዥ ክፍያቸውን ወደ ዜሮ አወረዱ። ለዚህ መንገድ የጠረገው ሮቢንሁድ የተባለው ድርጅት ነበር፤ ነገር ግን የደንበኞቹን ትእዛዝ ለትልልቅ ነጋዴዎች አሳልፎ በመስጠት ከእነርሱ ገንዘብ እንደሚቀበል በግልጽ ባለመናገሩ፤ በታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. የአገሩ ተቈጣጣሪ ባለሥልጣን 65 ሚሊዮን ዶላር አስከፍሎታል። ስለዚህ በነፃ አገለግላለሁ የሚለውን ሰው፤ «እንግዲያውስ እንጀራህ ከየት ይመጣል?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። በጎረቤታችን በኬንያ በ2017 እ.ኤ.አ. መንግሥት ከ3,000 ሽልንግ ጀምሮ በስልክ የሚገዛ ኤም አኪባ የተባለ ቦንድ አውጥቶ ነበር፤ ስልክ ለትንሽ ገንዘብ መንገድ ሊከፍት እንደሚችል ያሳየ ጥሩ ምሳሌ ነው።

ከክፍያው ይልቅ እኛን የሚያሳስበን የመሸጡ ነገር ነው። በአሶሳ ገበያ ማንጎ በብዛት በሚወርድበት ወቅት ዋጋው እንዴት እንደሚወድቅ ሁሉም ያውቃል፤ የሻጭ ብዛትና የገዢ እጥረት ምን እንደሚያደርግ ለመረዳት ሌላ መምህር አያስፈልግም። ጀማሪ ገበያም የተመዘገቡት ኩባንያዎች ጥቂቶች፤ ገዢና ሻጭም የሳሱ ስለሚሆኑ፤ በስልኩ ላይ የተጻፈው ዋጋ በዚያው ዋጋ የሚገዛ ሰው ካልተገኘ ቁጥር ብቻ ነው። ስለዚህ ለመጪው መስከረም የልጆች ትምህርት ቤት የተቀመጠ ገንዘብ፤ ወይም ለወሊድና ለሕክምና የታሰበ፤ ወደዚህ ሊገባ አይገባውም። ፍየሏ በዚህ በኩል ትበልጣለች፤ ቅዳሜ ተነድታ ወጥታ ብር ሆና ትመለሳለች።

ነገር ግን ፍየሏ የማትችለው ነገር አለ። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. በመተከል በደረሰው ግጭት ብዙ ቤተ ሰብ ከቤቱ ሲፈናቀል፤ ቤቱም ከብቱም እህሉም በአንድ ሌሊት ከእጁ ወጥቷል። በሰው ስም በማዕከላዊ መዝገብ የተጻፈ ድርሻ ግን ቤት ሲቃጠል አብሮ አይቃጠልም። በእኛ ፍርድ ለዚህ ክልል ሰው የአክሲዮን ትልቁ ጥቅም ከትርፉ ይልቅ ይህ ነው። ስለዚህም ለደላላው ከሚቀርበው ጥያቄ ሁሉ የሚቀድመው፤ «ድርሻው የሚመዘገበው በእኔ ስም ነው ወይስ በአንተ?» የሚለው ነው። በራሱ ስም አኖርላችኋለሁ የሚል ሰው ቢከስር ወይም ቢጠፋ፤ መዝገቡ ለማን እንደሚመሰክር ግልጽ ነው።

ፈቃድ የሚሰጠው የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ስለ ሆነ፤ የደላላው ስም በባለሥልጣኑ መዝገብ ውስጥ መኖሩን አስቀድሞ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በቴሌግራም ገብቶ በወር እጥፍ አደርግላችኋለሁ የሚለውን መመርመርም አያስፈልግም። ደንበኛ ሳቢ መግለጫ የተባለውን የኩባንያውን ጽሑፍ ግን ማንበብ ግዴታ ነው፤ ገጹ ቢበዛ በቤት ካሉት ልጆች የተማረው ያንብብላችሁ።

በወለድ ጉዳይ የሚጠነቀቁ ሙስሊም ቤተ ሰቦች ደግሞ ሌላ ምርመራ አለባቸው። ሽርክናው በራሱ የትርፍና የኪሳራ ስለ ሆነ ብዙ ሊቃውንት አይከለክሉትም፤ ኩባንያው የሚኖረው ወለድ በማበደር ከሆነ ግን ጉዳዩ ይለወጣል። በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን ዘምዘም ባንክን የመሰለ ከወለድ ነፃ ባንክ ከዚህ ይለያል። ደላላው እነዚህን ለይቶ የሚያሳይ መሆኑን ጠይቁ፤ ፍርዱን ግን ከሸኽ እንጂ ከደላላ አትጠብቁ።

የመጨረሻው ጉዳይ የባልና የሚስት ነው። ከብቱን ጎረቤት ያየዋል፤ ዕቁቡን ዳኛው ያውቀዋል፤ በስልክ ውስጥ ያለውን ድርሻ ግን የምሥጢር ቁጥሩን ከሚያውቀው ሰው በቀር የሚያውቀው የለም። ያ ሰው ድንገት ቢሞት፤ ወይም ስልኩ ጠፍቶ አዲስ ቁጥር ቢያወጣ፤ ቤተ ሰቡ ሀብት እንዳለው እንኳ ሳያውቅ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ የምሥጢር ቁጥሩን ሳይሆን፤ የደላላውን ስም፤ የመዝገቡን ቁጥርና የአክሲዮኑን ብዛት በአንድ ወረቀት ጽፎ፤ የጋብቻና የልደት ወረቀት ከሚቀመጥበት ሣጥን ውስጥ ማኖር ያስፈልጋል። ወራሽ ሲመጣ ምን ምን ማስረጃ እንደሚጠይቅ፤ ለዚያውም ወራሹ እስከ አዲስ አበባ መሄድ እንዳለበትና እንደሌለበት፤ ደላላው ገና ገንዘብ ሳይቀበል በጽሑፍ እንዲመልስ ይደረግ፤ ያም መልስ በዚያው ሣጥን ይቀመጥ።