ስውር ፍጡር ሲወዳችሁ፣ ከዚያስ?

ከየካ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ ስትወጡ ወንዝ ዳር አረፍ ብትሉ፣ አንዲት እናት «ልጆቼ፣ በቀትር እዚህ አትቀመጡ፣ ትለከፋላችሁ» ሊሏችሁ ይችላሉ። ለካፊው ማን ነው? በብዙዎች እምነት ዛር ነው፤ ዓይን የማያየው፣ የራሱ ዘርና ማዕረግ ያለው፣ ቆንጆ ሰው ሲያይ የሚከጅል ፍጡር።

አሁን ደግሞ አሜሪካዊቷ ሳራ ጄ. ማስ የጻፈቻቸውን ልብ ወለዶች አስቡ። «ፌ» የሚባሉ ከአውሮፓ ተረት የመጡ ፍጡራን፣ ሰባት ግዛት፣ በየግዛቱ አንድ ገዢ፣ በመሃል ከሰው ልጅ ጋር የሚያዝ ፍቅር። ያው ነገር አይመስልም?

ዝምድናው የትውልድ ታሪካቸው ላይም አለ። እኛ አገር እንደሚተረከው ሔዋን 30 ልጆች ነበሯት። ፈጣሪ ሊያያቸው ሲመጣ ቆንጆዎቹን 15ቱን ደበቀች፤ እነሱም እንደተደበቁ ቀሩ፣ ዛር ሆኑ። (እኛ እንግዲህ ከቀሩት ወገን ነን!) አይስላንድም ስለ ስውር ሕዝቦቿ ይህንኑ ትተርካለች። እዚያ ግን ሔዋን የደበቀችው ገና ያላጠበቻቸውን ልጆች ነው።

ታዲያ አንባቢን ሁለተኛው መጽሐፍ ላይ የሚይዘው ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው የመጀመሪያው ክፍል ፌይራ የምትባል አዳኝ ልጅ ወደ ፌዎች ምድር ትሻገራለች፣ ታምሊንን ትወዳለች፣ መጨረሻ ላይ ራሷም ፌ ትሆናለች። ተረት ቢሆን እዚህ ያልቅ ነበር። በ2016 የወጣው «ኤ ኮርት ኦፍ ሚስት ኤንድ ፊዩሪ» ግን ከዚያ በኋላ ያለውን ይዞ ይነሳል። ፌይራ በቅዠት ትባንናለች፤ ታምሊን ደግሞ እጠብቃታለሁ ብሎ ቤት ይዘጋባታል። ጥበቃ እስር የሚሆነው የቱ ጋ ሲደርስ ነው? (መጽሐፉ ለአዋቂ የተጻፉ ክፍሎች እንዳሉት ልብ በሉ።)

የዛር ወግም የሚያተኩረው «ከዚያ በኋላው» ላይ ነው። የተያዘው ሰው የዛሩ «ፈረስ» ይባላል፤ ስሙ ሲሰማ ፍጹም ባርነት ይመስላል። ሆኖም ዛር ብዙ ጊዜ አይባረርም፤ ስሙን እንዲናገር ይደረጋል፣ የሚፈልገው ይጠየቃል፣ ስምምነት ይደረጋል። ሳይመን ሜሲንግ የተባለው ተመራማሪ በ1958 ባሳተመው ጽሑፍ የጠቆመው ነገር አለ። ሚስት ራሷ ብትጠይቅ የማታገኘውን ልብስና ጌጥ፣ በአፏ ዛሩ ሲጠይቅ ባል እምቢ ለማለት ይፈራል። ሚሼል ሌሪስም በዚያው ዓመት ባወጣው መጽሐፍ የጎንደርን ዛር ከቴአትር ጋር አነጻጽሮታል። የታመመችው ሴት ጭንቀት ግን እውነተኛ ነው፤ ቴአትር የሚመስለው፣ ለመናገር ያገኘችው መንገድ ነው።

ፌይራም ውል አለባት። በየወሩ አንድ ሳምንት የሌሊት ግዛት ገዢ ራይሳንድ ዘንድ መቆየት አለባት። የሚያስፈራ ውል ነው። ማንበብ የማትችለው ፌይራ እዚያ ስትደርስ ግን ራይሳንድ ቁጭ አድርጎ ማንበብና መጻፍ ያስጀምራታል።